የባህር ጃርት፣ የባህር ኮከብ፣ ቆሮሶ ወይስ አምባዛ? ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ የዘር ህዋስ ለማጥናት እንስሳ ስትመርጡ

በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣብኛል። «ቲቸር፣ እንቁላልና ስፐርም እንዴት እንደሚያድጉ ማጥናት ፈልጌ ነበር። የባህር ጃርት ከየት ላግኝ?» ጠያቂዋ የምትኖረው ሐዋሳ ነው። ከዶርም ወጥታ ባጃጅ ብትይዝ ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ዳር ትደርሳለች። ባህሩ ግን ድንበር ተሻግሮ ነው ያለው።

አልፈርድባትም። ስለ ዘር ህዋስ የተጻፈ መጽሐፍ ስትገልጡ ምዕራፉ በባህር እንስሳት የተሞላ ነው። ሲ አርቺን የሚሉት፣ እኔ የባህር ጃርት የምለው እሾሃም ድቡልቡል ፍጡር አለ። የባህር ኮከብ አለ። ባለ ዛጎሎቹ እነ መስልና ኦይስተር አሉ። የእኛዎቹ የሐይቅ ዓሣዎች፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና አምባዛ (ካትፊሽ)፣ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ስለ ዓሣ እርባታ ሲወራ ነው። ስለዚህ ተማሪው ትልቁ ሳይንስ ያለው ባህር ውስጥ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን እንስሳ በዝናው ሲመረጥ ደስ አይለኝም። ጥያቄያችሁ ምን እንደሆነ ሳታውቁ እንስሳ ከመረጣችሁ፣ መሐል ላይ ስትደርሱ እንስሳው የማትፈልጉትን ነገር ሲያሳያችሁ ታገኙታላችሁ።

እዚህ የማወዳድረው ሰባት እንስሳ ነው። አንዳንዱን በዝርዝር፣ አንዳንዱን በጨረፍታ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ እንቁላሉ የት ፌርማታ ላይ ይቆማል?

የእንቁላል ህዋስ ሁለት ትልልቅ ሥራ አለበት። አንደኛው ስንቅ መያዝ ነው። ያድጋል፣ አስኳል ይሞላል፣ ነገ ለሚፈጠረው ሽል የሚሆን ምግብ ያጠራቅማል። ሁለተኛው ክሮሞዞሙን በግማሽ መቀነስ ነው። ሚዮሲስ የምንለው ይህ ነው። ሚዮሲስ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። ህዋሱ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሰው ልጅ እንቁላል ሴቷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ጉዞውን ይጀምርና አሥርት ዓመታት ቆሞ የሚጠብቅ አለ።

እንደ ታክሲ መስመር አስቡት። መስመሩ አንድ ነው፤ ወራጁ ግን የተለያየ ቦታ ይወርዳል። የባህር ኮከብ እንቁላል እናቱ ውስጥ ሳለ የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ቆሟል። የመጀመሪያውን ክፍፍል ገና አልጀመረም። ትልቅ ክብ ኒውክለሱ ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስል ትንሽ ሄድ ይላል። ክሮሞዞሞቹ ለመጀመሪያው ክፍፍል ከተሰለፉ በኋላ እዚያው ቆሞ ስፐርም ይጠብቃል። ዓሣን ጨምሮ አብዛኞቹ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የመጀመሪያውን ክፍፍል ጨርሰው ሁለተኛው መሐል ላይ ይቆማሉ። የባህር ጃርትስ? እሱ መስመሩን ጨርሶ ወርዷል። እንቁላሉ ከእናቱ ሲወጣ ሚዮሲሱ አልቋል።

ምርጫችሁን ከሁሉ በላይ የምትወስነው ይህች ልዩነት ናት። «ሚዮሲስ ሲካሄድ ማየት እፈልጋለሁ» ያለች ተማሪ የባህር ጃርት በባልዲ ሙሉ ቢመጣላት፣ የወጣው እንቁላል የምትፈልገውን አያሳያትም። ያ ሥራ ተሠርቶ አልቋላ። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። የባህር ጃርት መጽሐፉን የሞላው እንቁላሉ እንዴት እንደሚያድግ ስለሚያሳይ ሳይሆን ስፐርምና እንቁላል ሲገናኙ የሚሆነውን ስለሚያሳይ ነው።

የባህር ጃርት

ዝናው ግን በከንቱ የመጣ አይደለም። በ1876 ኦስካር ኸርትቪግ የሜዲትራኒያን ባህር ጃርት እንቁላል ውስጥ ሁለት ኒውክለሶች ሲዋሃዱ ማየቱን አሳተመ። አንዱ የእንቁላሉ፣ ሌላው የስፐርሙ ነበር። ከዚያ በፊት ስፐርም በትክክል ምን እንደሚሠራ ገና ያከራክር ነበር። ቀጥሎ ቴዎዶር ቦቬሪ መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በዚሁ እንስሳ ሁለት ስፐርም የገባበትን እንቁላል ተከታተለ። ክሮሞዞሞቹ ተዛብተው ሲከፋፈሉ ሽሉ እንደሚበላሽ አየ። ሽሉ በደህና እንዲያድግ የክሮሞዞሞቹ ስብስብ መሟላት እንዳለበት ያወቅነው ከዚያ ነው።

በ1982 ደግሞ ቲም ሃንት አሜሪካ ዉድስ ሆል በሚገኘው የባህር ላብራቶሪ በባህር ጃርት እንቁላል ሲሠራ አንድ እንግዳ ፕሮቲን አየ። ህዋሱ በተከፈለ ቁጥር ድንገት ይጠፋል። ከዚያ እንደገና ይጠራቀማል። ሳይክሊን ተባለ። በ2001 ሃንት ከሊላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ለእጅም ምቹ እንስሳ ነው። አፉ ዙሪያ ባለው ለስላሳ ቆዳ በኩል ጥቂት የፖታሲየም ክሎራይድ ውህድ ይወጋል። ትንሽ ቆይቶ አናቱ ላይ ካሉት አምስት ቀዳዳዎች እንቁላል ወይም ስፐርም መፍሰስ ይጀምራል። እንቁላሉ ስፋቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስፐርም ጠብ ሲደረግበት በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ሽፋን ይነሳል። ሌላ ስፐርም እንዳይገባ በሩን መዝጋቱ ነው። ይህን ተራ ማይክሮስኮፕ ያሳያችኋል።

አንድ ብዙ የማይወራለት ነገርም አለው። የባህር ጃርት የዘር እጢ ውስጥ ስንቅ የሚያስቀምጡ ልዩ ህዋሶች አሉ። ወንዱም ሴቷም አላቸው። የአስኳሉ ዋና ፕሮቲን በወንዱም ውስጥ ይጠራቀማል። ስፐርም አስኳል አይዝም፤ ስንቁ ግን የዘር ህዋስ ለማምረት ይውላል። የዓሣውን አሠራር ከታች ስታዩ ልዩነቱ ይገርማችኋል።

ስለ ባህር ጃርት ሳነሳ ሁልጊዜ የማስታውሰው ግብፅ ውስጥ ያለችውን የስዌዝን ታሪክ ነው። በዚያ አካባቢ የባህር ጃርት ሆዱ የሚሞላው ጨረቃ ስትሞላ ነው የሚል የቆየ አባባል ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ መንሮ ፎክስ የተባለ ተመራማሪ ይህን ሊፈትሽ ተነሳ። የቀይ ባህሩ ባለ ረጅም እሾህ ዲያዴማ ላይ እውነት ሆኖ አገኘው። እንስሳው የዘር ህዋሱን የሚለቀው በጨረቃ ዑደት ነበር። የሜዲትራኒያኑ ዝርያ ላይ ሲሞክረው ግን አልሠራም። የዓሣ ሰው የሚለውን ናቅ አታድርጉ፤ ዝም ብላችሁም አትቀበሉ። ሄዳችሁ ቁጠሩ።

ለሐዋሳ ተማሪ ግን ጣጣው ብዙ ነው። እንስሳው በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለው ንጹህ፣ አየር የሚነፍስበት ውሃ ይፈልጋል። መንገድ ላይ ከተንገላታና ከሞቀው ያለ ጊዜው ይለቃል ወይም ይሞታል። ድንበር ለማሻገር ፈቃድ አለ። የጥናት ጊዜያችሁ አንድ ሴሚስተር ከሆነ ፈቃዱን ስትጠብቁ ያልቃል። አማካሪያችሁ ባህር ጠረፍ ላይ ካለ ላብራቶሪ ጋር የሚሠራ ከሆነና ሄዳችሁ የምትቆዩበት ዕድል ካለ፣ ያዙት። ከሌለ በንባብ ያዙት።

የባህር ኮከብ

ሚዮሲስ ሲነቃ ለማየት ከባህሩ ወገን የእኔ ምርጫ ይህ ነው። እንቁላሉ ብርሃን ያሳልፋል። ኒውክለሱ ትልቅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው ይታወቃል።

በ1969 ሐሩኦ ካናታኒና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ያንን ማብሪያ አገኙት። 1-ሜቲልአዴኒን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው። እንቁላሎቹ ባሉበት የባህር ውሃ ላይ ሲጨመር፣ ቆሞ የነበረው ሚዮሲስ ይነሳል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ያ ትልቅ ኒውክለስ ግድግዳው ይፈርስና ከዓይናችሁ ይሰወራል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። የባህር ኮከቡ ነርቭ አንድ ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ እንቁላሉን በቀጥታ አይነካውም። እንቁላሉን የከበቡትን ህዋሶች ነው የሚያነጋግረው። እነሱ ናቸው 1-ሜቲልአዴኒኑን ሠርተው እንቁላሉን የሚቀሰቅሱት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሽማግሌው ደግሞ ለቤተሰቡ ነግሮ፣ ቤተሰቡ ልጅቱን እንደሚጠይቃት ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ አምባዛ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

መስልና ኦይስተር

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው። መስል ለጀማሪ ዓይን ደስ ይላል፤ ዛጎሉ ሲከፈት የሴቷ ብርቱካንማ፣ የወንዱ ነጣ ያለ ክሬም ቀለም ነው። ኦይስተር ፆታ ስለሚቀይር ለፆታ ጥያቄ ጥሩ ነው። አንድ ኦይስተር ወንድ ሆኖ ጀምሮ ሌላ ወቅት ሴት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ግን የባህር ጠረፍ ባለው አገር እርባታ ላይ ነው ጥቅማቸው የሚጎላው። እዚህ ሆኖ እነሱን መምረጥ አይታየኝም።

ቆሮሶ

አሁን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እንውረድ።

ማታ የተጣለ መረብ ጠዋት ይነሳል። ጀልባዎቹ ሲጠጉ አባ ኮዳዎቹ ቀድመው ተሰልፈዋል። አንድ ልጅ ቢላዋውን ድንጋይ ላይ ፋት ፋት ያደርግና ቆሮሶዋን ገልብጦ ሆዷን ይከፍታል። አንጀቷን በአንድ እጁ ጎትቶ ይወረውራል። አባ ኮዳው መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። ከዚያ አንጀት ጋር አብሮ የሚሄደው እኛ የምንፈልገው ነገር ነው። ጥንድ፣ ቢጫ፣ ስስ ሽፋን ያለው የእንቁላል ከረጢት። የሐዋሳ የባዮሎጂ ተማሪ ናሙና በየጠዋቱ ለወፍ ይጣላል።

አንድ ቀን ልጁን «ይህቺን አትጣላት» አልኩትና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ትሞቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንደ ሐይቁ ውሃ ቀዝቃዛ ናት። ሽፋኗን በጥፍሬ ቀደድኩት። ውስጡ አንድ ዓይነት እንቁላል አልነበረም። የሽምብራ ክክ ቢጫነት ያላቸው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚያልፉ ሞላላ እንቁላሎች ነበሩ። በመሐላቸው ከጤፍ ከፍ የሚሉ ፈዛዛ ቢጫዎች ነበሩ። ከነሱ ሥር ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ነጫጭ ነጠብጣቦች። ሦስት ትውልድ በአንድ ከረጢት።

ቆሮሶን የምወዳት ለዚህ ነው። እንቁላሎቿ ሁሉ አንድ ላይ አያድጉም። አንዱ ዙር ሲወጣ ሌላው ስንቅ እየያዘ ነው፤ ሦስተኛው ገና እየጀመረ ነው። ስለዚህ አንዲት ደህና የደረሰች ዓሣ የእንቁላልን እድገት ከሞላ ጎደል ሙሉውን ትሰጣችኋለች። ከረጢቷ በስሱ ተቆርጦ ቀለም ሲነከር በአንድ ስላይድ ላይ ይህን ታያላችሁ። ትናንሾቹ ላይ ኒውክለሱ ትልቅ ነው፤ በውስጡ ዳር ዳሩን ኒውክሊዮለስ የሚባሉ ብዙ ደቃቅ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ቀጥሎ ያሉት ዳራቸው ላይ ባዶ የሚመስሉ አረፋዎች ይደረድራሉ። ከዚያ ሮዝ የሆኑ የአስኳል ጠጠሮች መግባት ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ አስኳሉ ሁሉን ይሞላዋል።

አስኳሉ ከየት ይመጣል? ከጉበት። የእንቁላል ከረጢቷ ኤስትራዲዮል የተባለውን ሆርሞን ትለቃለች፤ ጉበት ቪቴሎጄኒን የሚባል ፕሮቲን ሠርቶ በደም ይልካል፤ እንቁላሉ ከደም ይወስዳል። የባህር ጃርቱን ወንድ አስታውሱ። እዚያ ስንቁ በሁለቱም ፆታ እዚያው የዘር እጢ ውስጥ ይቀመጣል። ዓሣ ላይ ግን ይህ በተለምዶ የሴቷ ሥራ ነው፤ ወንድ ዓሣ ደም ውስጥ ቪቴሎጄኒን በብዛት ከተገኘ ውሃው ውስጥ ኤስትሮጅን የሚመስል ብክለት እንዳለ ይጠረጠራል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ የገባበትን ውሃ በወንዝ አያስወጣም። የእንቁላል ከረጢት ስትወስዱ ጉበቱንም አብራችሁ መዝኑ የምለው ለዚህ ነው።

ቆሮሶ ሌላም ጸጋ አላት። ዓመቱን ሙሉ የደረሰች ዓሣ ይገኛል፤ የምትበዛበትና የምትቀንስበት ወር አለ እንጂ። እንቁላሏን ደግሞ አፏ ውስጥ ነው የምትታቀፈው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ ጎድጓዳ ይቆፍራል፤ እሷ ትጥልና ለቅማ አፏ ውስጥ ትይዛለች። ፍልፍሎቹ እስኪዋኙ 10 ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያ ትቆያለች። በዚያ ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። መረብ ላይ የተያዘች ቆሮሶ አፏን ስትከፍት እንቁላል ከፈሰሰ፣ ያቺ በቅርቡ የጣለች ናት። ከረጢቷን ብትከፍቱ እንቁላሉ የወጣበትን ባዶ ሽፋንና ቀጣዩን ዙር ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቋቸው፣ ለይተው ያስቀምጡላችኋል።

ጉድለቷስ? ትልቁ ጉድለት ጊዜ ነው። መረብ ላይ ማታ የሞተች ዓሣ ጠዋት ህዋሷ መበላሸት ጀምሯል። ስላይዱ ላይ ህዋሶቹ ፈራርሰው ይታያሉ፤ እናንተም በሽታ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ናሙና ለዚህ ሳይሆን ለሌላ ስህተት ተበላሸ። ሙሉውን ከረጢት ሳልቆርጥ ፎርማሊን ውስጥ ጨመርኩት። ዳሩ ደህና ነበር፤ ፎርማሊኑ ያልደረሰበት መሐሉ ግን በስብሷል። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነበር። ስለዚህ ዓይኗ የጠራ፣ ስንጥቧ ደማቅ ቀይ የሆነች፣ ቢቻል ስትፈራገጥ የወጣች ምረጡ። ከረጢቱን ግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ውፍረት ቁረጡት። የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው 10 እጥፍ ቢያንስ ይሁን። በፎርማሊን ፋንታ ቡዊን የሚባለውን የናሙና ማቆያ ፈሳሽ የምትጠቀሙ ከሆነ በውስጡ ያለው ፒክሪክ አሲድ ከደረቀ ሊፈነዳ ይችላል። የጠርሙሱን ክዳን ዳር ሳትጠርጉ አትዝጉ።

አምባዛ

ቆሮሶ ስንቅ አያያዙን ካሳየች፣ አምባዛ መነሳቱን ታሳያለች።

የአምባዛ ሴት በዝናብ ወቅት፣ ውሃው ሲሞላና ዳር ዳሩን ሲያጥለቀልቅ ነው የምትጥለው። በገንዳ ስትያዝ እንቁላሎቿ አስኳላቸውን ሞልተው ይደርሳሉ፤ የመጨረሻውን እርምጃ ግን አይራመዱም። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ልክ እንደ ባህር ኮከቧ።

አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ከሌላ የደረሰ ዓሣ ፒቱታሪ፣ ማለትም ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ እጢ የተዘጋጀ ውህድ ለሴቷ ይወጋል። ሆርሞኑ እንቁላሉን በቀጥታ አያነቃውም። የከበቡትን ህዋሶች ያነጋግራል፤ እነሱ ስቴሮይድ የሚባል ሌላ ሆርሞን ይሠራሉ፤ ስቴሮይዱ እንቁላሉን ይቀሰቅሳል። በ1985 ናጋሃማና ባልደረባው ይህን የሚያደርገውን ስቴሮይድ ሳልሞን በሚባለው ዓሣ ላይ ለይተው አውጥተዋል። ሞለኪውሉ ከባህር ኮከቧ የተለየ ነው። የመልእክቱ አካሄድ ግን አንድ ነው። ባህር ውስጥ ያለ፣ አንጎል የሌለው እንስሳና የሐዋሳ አምባዛ እንቁላላቸውን የሚቀሰቅሱበት መንገድ ይህን ያህል መመሳሰሉ አሁንም ይደንቀኛል። የባህር ኮከብ አጣሁ ብላ ለምትቆጭ ተማሪ የምሰጣት መልስ ይህ ነው።

ማየቱስ እንዴት ይሆናል? የአምባዛ እንቁላል አረንጓዴ ቢጤ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል ነው፤ አስኳሉ ስለሚሸፍነው ኒውክለሱ ከውጭ አይታይም። ለዚህ ዘዴ አለው። ስድስት እጅ ኢታኖል፣ ሦስት እጅ ፎርማሊን፣ አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ይቀላቀላል። እንቁላሉ በዚህ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይጠራል፤ ኒውክለሱም ይወጣል። መርፌው ሳይወጋ መሐል ላይ ነው። ሰዓቱ ሲገፋ ወደ ዳር ይሸሻል። በኋላ ይጠፋል። ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከመርፌ እስከ እንቁላል መውጣት 11 ወይም 12 ሰዓት ይፈጃል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። ማታ 2 ሰዓት ከወጋችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሆዷ በቀስታ ሲጫን ይፈሳል። በዚያ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት እንቁላል በቀጭን ቱቦ እየወሰዳችሁ ኒውክለሱ የት እንደደረሰ ትቆጥራላችሁ። ውድ ማሽን አይፈልግም። ብርድ ልብስና ቡና ይፈልጋል።

ያዳቀላችሁት እንቁላል ከአንድ ቀን ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይፈለፈላል። ቆሮሶ ላይ ይህን ማየት በእናቲቱ አፍ ምክንያት አስቸጋሪ ነው።

አምባዛ ከባዱ ጎኗ ወንዱ ነው። የብዙ ዓሣ ወንድ ሆዱን ስትጫኑት ነጭ ፈሳሽ ይሰጣል። የአምባዛ ወንድ አይሰጥም። ከዘር ፍሬው ቀጥሎ ጣት ጣት የመሰሉ እጢዎች አሉ፤ በነሱ ምክንያት ተጭኖ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ይታረዳል። ለአንድ ሙከራ ስንት ወንድ እንደሚያስፈልጋችሁ አስቀድማችሁ አስቡ፤ የዩኒቨርሲቲውን የእንስሳት አያያዝ ፈቃድም አስቀድማችሁ ጨርሱ። ያለ ምክንያት አንድም እንስሳ መሞት የለበትም።

በሕይወት ማምጣቱ ግን ቀላል ነው። አምባዛ ከስንጥቧ ሌላ አየር የምትስብበት አካል ስላላት፣ እርጥብ ማዳበሪያ ሸፍናችሁ ከሐይቅ እስከ ግቢ ብታመጧት ትደርሳለች። ቆሮሶ በዚያ መንገድ አትደርስም።

ስለ ወንዱ ወገን

ተማሪዎች እንቁላል ላይ ብቻ ያተኩራሉ። ስፐርም ለሚፈልግ ሰው የዓሣ የዘር ፍሬ በጣም ንጹህ ማሳያ ነው። ህዋሶቹ በየዘለላው ተሰብስበው ያድጋሉ። አንድ ዘለላ ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል ደረጃ ላይ ናቸው፤ ጎረቤቱ ዘለላ ሌላ ደረጃ ላይ ነው። የሰው ወይም የአይጥ የዘር ፍሬ ላይ ደረጃዎቹ ተደራርበው ያደናግራሉ። ዓሣ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተለያይተው ይታያሉ። ቆሮሶም አምባዛም ይሆናሉ፤ እኔ ሁልጊዜ ስለሚገኝ ቆሮሶን እመርጣለሁ።

የስፐርም ፍጥነት መለካት ለሚፈልግ ግን ነገሩ ይለያል። የአምባዛ ስፐርም ወንዱ ውስጥ ሳለ አይንቀሳቀስም። ውሃ ሲነካው ይነቃና አንድ ደቂቃ ገደማ ሮጦ ያልቅለታል። ማይክሮስኮፑን አስተካክላችሁ፣ ዓይናችሁን ተክላችሁ፣ ከዚያ ነው ውሃውን የምትጨምሩት። የባህር ጃርት ስፐርም ባህር ውሃ ውስጥ ከዚህ በጣም የረዘመ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ ባህሩ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም።

ዜብራ ዓሣ

ጂን ለሚቆርጥና ለሚቀጥል ሰው ዜብራ ዓሣ ወደር የለውም። በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ጠዋት ብርሃን ሲያይ ይጥላል፤ ሽሉ ግልጽ ነው። ጆርጅ ስትራይሲንገር ኦሪገን ላይ በ1981 ካሳተመው ሥራ ወዲህ የዓለም ላብራቶሪ ሁሉ ይዞታል። ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ቤት የውሃ ማሞቂያና የአየር ፓምፕ ይዞ ዓመት መዝለቅ ከባድ ነው። የጂን ሥራ ካልሆነ አትድከሙበት።

እንግዲህ ማን ምን ይያዝ?

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሆናችሁ፣ ጊዜያችሁ ጥቂት ወር ከሆነ፣ ቆሮሶ። የእንቁላል ከረጢቱን ክብደት ለዓሣው ክብደት አካፍላችሁ በመቶ አባዙ፤ በየወሩ 30 ሴት ብትመዝኑ መቼ እንደምትደርስ የራሳችሁን ሐይቅ ታሪክ ታገኛላችሁ። በዚያ ላይ የስላይድ ሥራ ካከላችሁ በጣም ደህና ጽሑፍ ይወጣዋል።

ማስተርስ ላይ ከሆናችሁና ገንዳ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ፣ አምባዛ። ሌሊቱ ይከብዳል፤ ግን ሚዮሲስን በእጃችሁ አንቅታችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፆታ እንዴት እንደሚወሰን የምትጠይቁ ከሆነ ወደ ቆሮሶ ተመለሱ። የቆሮሶ ፆታ በክሮሞዞም ይወሰናል፤ ነገር ግን ፍልፍሎቹ በጣም በሞቀ ውሃ ካደጉ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኗቸው ላይ የወንድ ሆርሞን ከተጨመረ ሴት ይሆኑ የነበሩት ወንድ ይሆናሉ። አርቢዎች ይህን የሚያደርጉት ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግ ነው።

ጥያቄያችሁ ስፐርምና እንቁላል የሚገናኙባት ያቺ ደቂቃ ከሆነች ደግሞ የባህር ጃርት ነው መልሱ፤ ወደ ባህር የሚወስዳችሁን ዕድል ፈልጉ።

ባለፈው ያቺ የባህር ጃርት የጠየቀችኝ ልጅ ቆሮሶ መረጠች። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አሞራ ገደል እንገናኛለን። በረዶ የያዘ ሳጥን፣ ስለት፣ ጓንት፣ ሚዛን፣ በእርሳስ የተጻፈባቸው መለያ ወረቀቶች ታመጣለች። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል። ፎርማሊኑን እኔ እይዛለሁ። ቢላዋ የያዘውን ልጅ ደግሞ ትናንት አነጋግሬዋለሁ፤ የሴቶቹን ከረጢት ለአባ ኮዳ ሳይወረውር ይጠብቀናል።